የአልቡሚን ማነስና የኩላሊት ሕሙማን ልብ፤ የአንድ ምልክት ታሪክ

በለንደን ከተማ በጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ሪቻርድ ብራይት፣ ሰውነቱ ያበጠ በሽተኛ በቀረበለት ቁጥር የሚፈጽመው አንድ ቀላል ምርመራ ነበረው። ከበሽተኛው ሽንት ጥቂት በማንኪያ ቀድቶ ከሻማ ነበልባል በላይ በመያዝ ያፈላዋል። ሽንቱ ሳይደፈርስ ከፈላ የእብጠቱን ምክንያት ከልብ ወይም ከጉበት ይሻል፤ እንደ ተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ከረጋ ግን ጉዳቱ ከኩላሊት መሆኑን ይረዳል። እንዲህ ያሉት በሽተኞች ሲሞቱ አስከሬናቸውን እየመረመረ የኩላሊታቸውን መበላሸት ካረጋገጠ በኋላ በ1827 ውጤቱን በመጽሐፍ አሳተመ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ሽንትን በእሳት የማርጋቱ ሙከራ በብራይት የተጀመረ አልነበረም፤ የናፖሊው ሐኪም ዶሜኒኮ ኮቱኞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የአንድ ያበጠ ወታደር ሽንት በእሳት ላይ ሲረጋ ተመልክቷል። ነገር ግን የረጋውን ሽንት፣ ያበጠውን ሰውነትና የታመመውን ኩላሊት በአንድነት ያስተሳሰረ ብራይት ነው። ስለዚህም የኩላሊት በሽታ ለብዙ ዘመን «የብራይት በሽታ» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል።

ብራይት በሽንቱ ምርመራ ብቻ አልረካም። ጆን ቦስቶክ የተባለ፣ የኬሚስትሪ ዕውቀት የነበረው ሐኪም የበሽተኞቹን ደም እንዲመረምርለት አደረገ። ይህ ቦስቶክ በአበባ ብናኝ ምክንያት የሚመጣውን የአፍንጫና የዓይን መቆጣት በራሱ ላይ አይቶ በ1819 የገለጸው ሰው ነው። ቦስቶክ የበሽተኞቹ የደም ውኃ ከጤነኛ ሰው ደም ይልቅ የቀጠነ፣ የአልቡሚኑም መጠን ያነሰ ሆኖ አገኘው። ትርጓሜው ግልጽ መሰለ፤ ከደም የጎደለው በሽንት የወጣው ነው። የመጀመሪያው ንባብ ይህ ነበር፤ የአልቡሚን ማነስ ማለት የአልቡሚን መፍሰስ ማለት ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1836፣ ብራይት ሽንታቸው የሚረጋ 100 በሽተኞችን ታሪክ በሠንጠረዥ አሰናድቶ አወጣ። በዚህ ጊዜ ዓይኑ ያረፈው በልብ ላይ ነው። ከመቶዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልባቸው ገዝፎ ተገኘ፤ በብዙዎቹም ዘንድ የልብ ቫልቭ ጉዳት ስላልነበረ የግዝፈቱ ምክንያት ከልብ ውጭ መፈለግ ነበረበት። ብራይት ሁለት ግምቶች አቀረበ። አንደኛው የተለወጠው ደም ልብን በቀጥታ ይቀሰቅሰዋል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደሙ በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ለማለፍ ስለሚቸገር ልብ አብዝቶ እንዲገፋ ይገደዳል የሚል ነው። የደም ግፊትን የሚለካ መሣሪያ ሐኪሞች እጅ ሳይገባ የተሰጠ ግምት እንደ መሆኑ ሊደነቅ ይገባዋል። በዚያው በጋይስ ሆስፒታል ፍሬድሪክ አክባር መሐመድ የተባለው ወጣት ሐኪም በ1870ዎቹ የደም ግፊት መጨመር አልቡሚን በሽንት ከመታየቱ በፊት ሊከሠት እንደሚችል ባሳየ ጊዜ፣ የሁለተኛው ግምት መንገድ ተጠረገ። ራሱ ብራይት በ1858 የሞተው በልብ ሕመም ሲሆን፣ አስከሬኑ ሲመረመር ከልብ በሚወጣው በዋናው ቧንቧ መግቢያ ላይ ያለው ቫልቭ ደድሮ ጠብቦ ተገኝቷል።

እንግዲህ በአንድ ሐኪም ሥራ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ አልቡሚን የጎደለው ደምና የገዘፈው ልብ። ሁለቱ በቁጥር ተገናኝተው አንዱ የሌላው ጠቋሚ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ግን ከ150 ዓመት በላይ አለፈ። ለምን ይህን ያህል ዘገየ ቢባል፣ ዋናው ምክንያት ምንም የተሰወረ ነገር የለውም። ኩላሊታቸው የከሸፈ በሽተኞች ልባቸው የሚደርስበትን ለማየት የሚያበቃ ዕድሜ አልነበራቸውም።

በመካከሉ የአልቡሚን ሥራ ምን እንደ ሆነ ታወቀ። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኧርነስት ስታርሊንግ በ1896 ባሳተመው ጥናት፣ በውሻ እግር ሥጋ ውስጥ የገባ የጨው ውኃ ተመልሶ ወደ ደም ሲገባ፣ ፕሮቲን ያለበት የደም ውኃ ግን በዚያው እንደሚቀር አሳየ። ከዚህም በመነሣት በደም ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ውኃን ወደ ደም ሥር የሚስቡ፣ የልብ ግፊት ደግሞ ውኃን ወደ ውጭ የሚገፋ መሆኑንና የሁለቱ ኃይላት ሚዛን ሰውነትን ከእብጠት እንደሚጠብቅ አስረዳ። ከመሳቢያው ኃይል ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አልቡሚን ነው። ጉበት በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ግራም ያህል ይሠራዋል፤ እያንዳንዱም ቅንጣት ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ሊትር ከ35 እስከ 50 ግራም ይገኛል። ስቦችን፣ የሐሞት ቀለምን፣ ካልሲየምንና ብዙ መድኃኒቶችን ተሸክሞ የሚያዘዋውርም እርሱ ነው።

የስታርሊንግ ትምህርት ወደ ሕክምና የገባው በጦርነት በኩል ነው። በ1940 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኤድዊን ኮን የደም ፕላዝማን በቀዝቃዛ አልኮል እየለየ ፕሮቲኖቹን በየክፍሉ የማውጣት ሥራ ጀመረ። አልቡሚን በአምስተኛው ክፍልፋይ ተገኘ። ጠርሙሱ ትንሽ፣ ለማጓጓዝ የተመቸ፣ ሳይበላሽ የሚቆይ ስለ ነበር ለጦር ሜዳ የታሰበ መድኃኒት ሆነ። በታኅሣሥ 1941 የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሐርበርን ከደበደቡ በኋላ በቃጠሎ ለተጎዱ መርከበኞች ተሰጠ፤ ውጤቱም አበረታች ነው ተብሎ ተነገረ። ብዙ ደም የፈሰሰውን ወይም ሰውነቱ የተቃጠለውን ሰው ከሞት ያስጥላል የተባለ ፈሳሽ፣ አልቡሚን ላነሰው ሁሉ ይበጃል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። «የጎደለው ይሞላ» የሚለው አስተሳሰብ በዚህ መንገድ በሐኪሞች ዘንድ ሥር ሰደደ፤ በሚገባ የተፈተነው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

በዚያው የጦርነት ዘመን፣ በጀርመን ጦር በተያዘችው በሆላንድ፣ በካምፐን ከተማ ዊለም ኮልፍ የተባለ ወጣት ሐኪም ከቋሊማ ማሸጊያ ሴሎፋንና ከእንጨት በርሜል ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። በ1943 በሰው ላይ መሞከር የጀመረ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞቹ አብዛኞቹ ሞቱ። በ1945 ግን ኩላሊታቸው በድንገት ሥራ ያቆመባቸው አንዲት የ67 ዓመት ሴት ከሰመመን ነቅተው ዳኑ። ይህ መሣሪያ ኩላሊቱ እስኪያገግም ድረስ ለጥቂት ቀናት የሚያገለግል ነበር። ዘለቄታ ያለው ሕክምና የተገኘው በ1960 በሲያትል ከተማ ቤልዲንግ ስክሪብነር በደም ሥርና በደም ቧንቧ መካከል የሚቀመጥ የቴፍሎን ቱቦ ባስገባ ጊዜ ነው። በዚህ ቱቦ አማካይነት በሽተኛው በየሳምንቱ ወደ መሣሪያው እየተመለሰ ደሙ ሊታጠብ ቻለ። ከዚህ በፊት በጥቂት ሳምንታት ይሞት የነበረው ሰው ዓመታት መኖር ጀመረ።

የመጀመሪያው በሽተኛ 11 ዓመት ኖረ። በ1971 የሞተው ግን በኩላሊቱ ሳይሆን በድንገተኛ የልብ ሕመም ነው። በእርሱ የደረሰው በሌሎቹም ላይ መድረሱን በ1974 ሊንድነር፣ ስክሪብነርና ባልደረቦቻቸው አስታወቁ። በሲያትል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሕክምናውን የጀመሩ 39 በሽተኞችን እስከ 13 ዓመት ድረስ ተከታትለው፣ ከግማሽ በላይ መሞታቸውንና ከሞቱትም 14ቱ የሞቱት በደም ቧንቧ መደደርና መጥበብ ጠንቅ መሆኑን ገለጹ። ኩላሊትን የሚተካ መሣሪያ ተገኝቶ ሳለ ልብን የሚያድን አልተገኘም። ብራይት በ1836 የጻፈው በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ።

የአሜሪካ መንግሥት በ1972 ባወጣው ሕግ የኩላሊት እጥበትን ወጪ ለመሸፈን ከወሰነ በኋላ የበሽተኞቹ ቁጥር በብዙ ሺህ ሆነ። ሁሉም በየወሩ ደማቸው ስለሚመረመር ከዚያ በፊት በአንድ በሽታ ላይ ያልታየ የቁጥር ክምችት ተገኘ። በ1990 ኤድመንድ ላውሪና ናንሲ ሉ ከ12,000 በላይ የሚሆኑ በሽተኞችን ውጤት አገላብጠው፣ ከላቦራቶሪ ቁጥሮች ሁሉ ማን እንደሚሞት አስቀድሞ በብርቱ የሚናገረው የትኛው እንደ ሆነ ጠየቁ። ፖታስየም ወይም ዩሪያ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሐኪም ብዙ ነበር። መልሱ አልቡሚን ሆነ። በአንድ ሊትር ከ35 እስከ 40 ግራም ያላቸው፣ ማለትም ብዙ ላቦራቶሪዎች ጤነኛ የሚሏቸው ሕሙማን፣ ከ40 በላይ ካላቸው ይልቅ የሞት ሥጋታቸው እጥፍ ያህል ነበር። ከ25 ግራም በታች የወረዱት ደግሞ ወደ 20 እጥፍ ደረሰ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሮበርት ፎሊ፣ ፓትሪክ ፓርፍሪና ባልደረቦቻቸው በካናዳ 432 በሽተኞችን በአማካይ ለ41 ወራት ተከታትለው የሞቱን መንገድ ገለጹ። በመሣሪያ ደማቸው በሚታጠበው ሕሙማን ዘንድ አልቡሚን በወረደ መጠን የልብ ድካም ይበዛል፤ የልብ ደም ሥሮች ሕመምም ይበዛል፤ በልብ ምክንያት መሞትም ይበዛል። በ1827 እና በ1836 ለየብቻ የተጻፉት ሁለቱ ነገሮች እነሆ እዚህ ላይ ተገናኙ።

ቁጥሩ ግን ትንቢት እንጂ ማብራሪያ አይደለም። የብዙዎቹ በሽተኞች ሽንት የቆመ ወይም ጥቂት ስለ ነበር፣ የቦስቶክ የመጀመሪያ ንባብ እዚህ አይሠራም፤ በሽንት ካልወጣ አልቡሚኑ የት ሄደ? የብዙ ሐኪሞች መልስ ረኃብ የሚል ነበር። በሽተኛው ምግብ ያስጠላዋል፤ ለኩላሊቱ ሲባል ለረጅም ጊዜ ሥጋና እንቁላል ተከልክሏል፤ ስለዚህ ጉበቱ የሚሠራበት ግብዓት አጥቷል። ይህ አስተሳሰብ በተለይ በአፍሪካ ለሠለጠነ ሐኪም እንግዳ አይደለም። ሲስሊ ዊሊያምስ በ1933 በጎልድ ኮስት የገለጸችው ኳሺዮርኮር ያበጠና አልቡሚኑ የወረደ የተራበ ሕፃን በሽታ ነው፤ በኢትዮጵያም ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የተዘጋጀው በፕሮቲን ማነስ የሚመጣውን ጉዳት ለመከላከል ነው። ያበጠ ሕፃንና የወረደ አልቡሚንን አብሮ ያየ ሐኪም፣ የወረደ አልቡሚን ባየ ቁጥር ረኃብን ቢያስብ አይፈረድበትም።

ይሁንና ንጹሕ ረኃብ አልቡሚንን ያን ያህል አያወርድም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አንሴል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በጥቂት ምግብ አቆይቶ የሰውነታቸው ክብደት ወደ ሩብ ያህል ሲቀንስ፣ የደማቸው ፕሮቲን የወረደው በጥቂቱ ነው። ምግብን በራሳቸው ፈቃድ ትተው አጥንታቸው የቀረ ወጣት ሴቶች አልቡሚናቸው ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛል። የከሳው ሰው አልቡሚን ደህና ከሆነ፣ በመኝታው ላይ ያለው የኩላሊት ሕመምተኛ አልቡሚን የወረደው ሌላ ነገር ተጨምሮበት መሆን አለበት።

ያ ሌላ ነገር የሰውነት መቆጣት ወይም ብግነት መሆኑ ቀስ በቀስ ተገለጠ። አደጋ፣ ቃጠሎ ወይም ተሕዋስ ሰውነትን ሲያጠቃ ጉበት ሥራውን ይለውጣል። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለውንና ደምን የሚያረጋውን ፋይብሪኖጅንን አብዝቶ ይሠራል፤ አልቡሚንን ይቀንሳል። ምግብ በገበታ ላይ ቢኖርም ትእዛዙ ተለውጧልና አልቡሚኑ አይጨምርም። ከዚህም በላይ በ1985 ፍሌክና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በጽኑ በታመመ ሰው የቀጫጭን ደም ሥሮች ግድግዳ ስለሚሳሳ አልቡሚን ከደም ወደ ሥጋ ይሾልካል፤ የሽልከቱ ፍጥነት በደም መመረዝ ጊዜ ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በሰዓታት ውስጥ የሚወርድ አልቡሚን እንግዲህ የምግብ ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

ጆርጅ ኬይሰን በካሊፎርኒያ በ1990ዎቹ የእጥበት በሽተኞችን ሲመረምር፣ አልቡሚናቸው ዝቅ ያለው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲናቸው ከፍ ባለ ጊዜ መሆኑን አገኘ። በስዊድን ፒተር ስቴንቪንከልና ባልደረቦቹ በ1999 የምግብ ጉድለትን፣ ብግነትንና የደም ቧንቧ መደደርን በአንድ ስም ጠርተው አንዱ ሌላውን እንደሚያባብስ አስረዱ። የልብ ነገር የሚገባው በዚህ በር ነው። የማይበርድ ብግነት የደም ቧንቧዎችን ውስጣዊ ሽፋን ይጎዳል፤ በግድግዳቸው የተጠራቀመው ስብ እንዲሰነጠቅና ደም እንዲረጋበት ያመቻቻል። ጉበትም በዚያው ምልክት አልቡሚን መሥራቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የወረደው አልቡሚንና የታመመው ልብ ከአንድ እሳት የሚወጡ ሁለት ጭሶች ናቸው። በውኃ የተሞላ በሽተኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው፤ ትርፉ ውኃ አልቡሚኑን ያቀጥነዋል፣ ልቡንም ያስጨንቀዋል። በሁለቱም መንገድ ልብን የሚጎዳው የአልቡሚኑ ማነስ ራሱ አይደለም ማለት ነው። አልቡሚን ምንም ድርሻ የለውም ማለት ግን ድፍረት ይሆናል፤ ስብንና መድኃኒትን የሚሸከም፣ ውኃን በደም ሥር የሚይዝ ነገር ሲጎድል ጉዳት መኖሩ አይቀርም።

ይህ ልዩነት በፅኑ ሕሙማን ክፍል የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። በዚያ ኩላሊቱ በድንገት የቆመ በሽተኛ አልቡሚኑ በሊትር 20 ግራም ላይ ሲገኝ ሐኪሙ ምን ያድርግ? በ2010 ቪደርማንና ባልደረቦቹ የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስበው አልቡሚን በሊትር 10 ግራም በወረደ ቁጥር ኩላሊት በድንገት የመጎዳቱ ዕድል ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን፣ ኩላሊታቸው ከተጎዳውም ዘንድ የመሞት ሥጋት በዚያው መጠን እንደሚጨምር ገለጹ። ይህን ያነበበ ሐኪም የኮንን ጠርሙስ ቢያነሣ አያስገርምም፤ ለዓመታትም እንዲህ ተደርጓል።

የጠርሙሱ ፈተና ግን ከዚያ አስቀድሞ ተጀምሯል። በ1998 የኮክሬን ገምጋሚዎች 1,419 በሽተኞች ያሉባቸውን 30 ሙከራዎች አጠቃለው፣ አልቡሚን በተሰጣቸው ከ100 በሽተኞች ስድስት ያህል ተጨማሪ ሞት እንደ ተከተለ ጻፉ። ጽሑፉ በእንግሊዝ አገር ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ ትንንሽ ሙከራዎችን ደምሮ እንዲህ ማለት ትክክል አይደለም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ እነርሱም እውነት ነበራቸው። ክርክሩን ያበረደው በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ በፅኑ ሕሙማን ክፍሎች የተደረገውና በ2004 የታተመው ሙከራ ነው። ወደ 7,000 ከሚጠጉ በሽተኞች ለግማሾቹ አልቡሚን፣ ለሌሎቹ የጨው ውኃ ተሰጠ። በ28 ቀን ውስጥ ከአልቡሚኑ ወገን 726፣ ከጨው ውኃው ወገን 729 ሞቱ። መርዝም አልነበረም፤ መድኃኒትም አልነበረም። በ2014 ደግሞ ጣሊያናውያን ሐኪሞች በደም መመረዝ ከተያዙ 1,818 በሽተኞች ለግማሾቹ አልቡሚናቸውን በሊትር 30 ግራም ላይ ለማቆየት እየሞሉ ተከታተሉ። ቁጥሩ ተስተካከለ፤ የሟቾቹ ብዛት ግን በ28 ቀንም በ90 ቀንም አልተለወጠም።

ቁጥሩ ራሱ እንኳ ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑን የላቦራቶሪ ሰዎች ያውቃሉ። ብሮምክሬዞል አረንጓዴ የተባለው ቀለም ከአልቡሚን ሌላ የብግነት ፕሮቲኖችንም ስለሚይዝ ውጤቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሐምራዊው ቀለም ደግሞ በኩላሊት ሕሙማን ደም ዝቅ አድርጎ የማሳየት ጠባይ አለው። አንድ በሽተኛ ሁለት ላቦራቶሪ ቢሄድ በሊትር የበርካታ ግራም ልዩነት ይዞ ሊመለስ ይችላል። የትኛው ቀለም ጥቅም ላይ እንደ ዋለ ሳይጠየቅ ልዩነቱን የበሽታው መሻሻል ወይም መባባስ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው። የአሜሪካ የደም ሥርና የአንጀት ምግብ አሰጣጥ ማኅበር በ2021 አልቡሚን የምግብ ጉድለት መለኪያ ሆኖ ማገልገሉ እንዲቀር የመከረውም የብግነቱ ነገር ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

የስፔን ሐኪሞች በ2004 ያወጡት ሥራ በዚህ ረገድ ሊነገር የሚገባው ነው። ቀድሞ ኩላሊት ተተክሎላቸው የተተከለው ሥራውን አቁሞ ወደ እጥበት የተመለሱ በሽተኞች ነበሯቸው። የሞተው ኩላሊት አያስፈልግም፣ አይጎዳም ተብሎ በሆዳቸው ውስጥ ተትቶ ነበር። እነዚህ በሽተኞች አልቡሚናቸው ዝቅ ያለ፣ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲናቸው ከፍ ያለ፣ ለደም ማነስ የሚሰጣቸውም መድኃኒት የማይበቃቸው ነበሩ። በቀዶ ጥገና ያ ኩላሊት ሲወጣ ብግነቱ በረደ፤ አልቡሚኑም ጠርሙስ ሳይሰቀል፣ ምግቡ ሳይለወጥ በወራት ውስጥ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በብዙ የእጥበት ክፍሎች የአንድ በሽተኛ አልቡሚን ሲወርድ በመጀመሪያ የሚመረመሩት ደም የሚቀዳበት ቱቦ፣ በክንዱ ውስጥ ደም ረግቶበት የተረሳ ሰው ሠራሽ ቧንቧ፣ ጥርሱና ድዱ፣ እግሩ ላይ ያለ ቁስል፣ ከመሣሪያው ሲነሣም የቀረበት የውኃ መጠን ናቸው።